የአጎቴ ስናይፐር

እናቴ ቤት ዕቃ ይገባል እንጂ አይወጣም። ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ፣ ፔርሙዙ የጠፋ ክዳን፣ የማይሞቅ ካውያ፣ የሞተ የእጅ ባትሪ፣ ሁሉም አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን አናት ላይ ተራውን ይጠብቃል። ቁራሌው ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን ሲዞር እኛ በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል፤ ከኛ ምንም እንደማያገኝ ካወቀ ቆይቷል። «እማዬ፣ ይኼን እንኳ ብንሸጠው?» ያልናት እንደሆነ መልሷ አንድ ቃል ነው፤ «ይጠቅማል።» ለምን? መቼ? ለማን? ይኼ አይጠየቅም። ይጠቅማል ካለች ይጠቅማል።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳላምናት ኖሬ ባለፈው ኅዳር አፌን አስያዘችኝ።

ክረምቱ ያበላሸውን ኮርኒስ ለማስጠገን ቁም ሳጥኑን ስናንቀሳቅስ የአጎቴ የብረት ሻንጣ ከአናቱ ወረደ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ እርሻ ተምሮ ሲመለስ ሦስት ነገር ይዞ መጣ፦ ዲፕሎማ፣ የሩሲያ ስድብ እና ይህን ሻንጣ። በልጅነታችን ሻንጣውን ጠጋ ብሎ ማሽተት እንጂ መንካት ክልክል ነበር። አሁንም ስከፍተው ያው የቆዳና የማሽን ዘይት ሽታ ወጣ።

ውስጡ ያለው ዕቃ ፎቶስናይፐር ይባላል። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ የተሠራ ዜኒት ካሜራ ነው፤ ፊቱ ላይ ታይር-3 የሚሉት እንደ ክንድ የረዘመ 300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰደፍና ቃታ አለው። ሰደፉን ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስቡት ካሜራው ቀጭ ይላል። የዚህ ዘር የመጀመሪያዎቹ ለቀይ ጦር ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የአጎቴ ዓይነቱ ግን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ ለሲቪሉ፣ ወፍና አውሬ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የወጣ ነው። አጎቴ አንድም ወፍ አላነሳበትም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ትከሻው ላይ አድርጎ ወፍ ፍለጋ የሚዞር ሰው፣ ከወፉ በፊት ራሱ ይለቀማል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ ተጠቀመበት፤ ለዚያውም ለሠርግ። ሌንሱ ሩቁን የሚያቀርብ ስለሆነ ሙሽራና ሙሽሪትን አንድ ላይ ለማስገባት አጎቴ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ከግቢው ወጥቶ፣ መንገድ ማዶ መቆም ነበረበት ይላሉ። የአክስቴ የሠርግ አልበም ውስጥ የግማሹ ሰው ፊት ብቻ ነው ያለው።

ፊልም የለኝም፤ ፊልም የሚያጥብልኝም አላገኘሁም። እንደው ለማሽተት ያህል ይዤው ግቢ ወጣሁና በካሜራው አየሁ። ጨረቃ ነበረች። የጨረቃ ዳር ዳሩን ጉድጓዱን አየሁት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። የሌንሱ የትኩረት ርቀት 300 ሚሊሜትር ነው። የመክፈቻው ቁጥር 4.5 ስለሆነ 300ን ለ4.5 ስታካፍሉት 67 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ ብርሃን የሚገባበት አፉ ስፋቱ ይኸው ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ ቢሰፋ ቢሰፋ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የአጎቴ ሌንስ ከዓይን 90 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ይህን ሁሉ ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው ምስል ይሠራል፤ ካሜራ ከሆነ ምስሉን ፊልም ላይ ያሳርፈዋል። ቴሌስኮፕ ማለት ፊልሙን ትቶ ያንኑ ምስል በትንሽ ማጉያ ሌንስ ቀርቦ ማየት ነው፤ ኬፕለር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1611 የጻፈው ዘዴ ይኸው ነው። ምን ያህል እንደሚያጎላ ለማወቅ የፊቱን ሌንስ ለኋለኛው ማካፈል ይበቃል። የኋለኛው 15 ሚሊሜትር ቢሆን 300 ለ15፣ 20 እጥፍ። ጋሊሊዮ በ1610 ጁፒተርን ያየው 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነው። እንግዲህ የአጎቴ ሻንጣ ውስጥ፣ እናቴ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከጋሊሊዮ የማያንስ ነገር አርባ ዓመት አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። የጎደለችው አንዲት ትንሽ ሌንስ ናት።

ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ነገሩን ሲሰማ ተቃጥሎ ተነሣ። «ዝም በል፣ እኔ እልክልሃለሁ» አለኝ። የቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስ የሚይዝ ቀለበት በሰው ላከልኝ፤ እኔ የነገርኩት 42 ሚሊሜትር ነው፣ የላከውም 42 ሚሊሜትር ነው። አንድ ዙር ተኩል ገባና ቀጥ አለ። ሁለቱም 42 ናቸው፣ ጥርሳቸው ግን ለየቅል ነው፦ የዜኒት ሌንስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ይገባል፣ የቴሌስኮፑ ቀለበት ደግሞ 0.75። አማትና ምራት በአንድ ወጥ ቤት ማለት ነው፤ ሲያዩዋቸው ይስማማሉ፣ ሲሠሩ ይያያዛሉ። ለመፍታት ፒንሳ ፈጀ። የአክስቴን ልጅ «ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ሰው ከአሜሪካ ድረስ ልኮ ምን ይባላል?

ስለዚህ ካሜራውን ራሱን ለመክፈት ቆረጥኩ። እዚህ ላይ የዜኒትን ሆድ ላሳያችሁ። ሌንሱ ያመጣው ብርሃን ካሜራው ውስጥ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት ላይ አርፎ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ እዚያ አንዲት ደብዘዝ ያለች ብርጭቆ ላይ ምስል ይሆናል፣ ከሷ በላይ ያለው ፕሪዝም ደግሞ ወደ ዓይናችን ያመጣዋል። ፕሪዝሟንና ደብዛዛዋን ብርጭቆ ብናወጣ፣ በቦታቸው የዓይን ሌንስ ብናቆም፣ ካሜራው እንዳለ የቴሌስኮፕ አንገት ይሆናል። ለኛ አገር ደግሞ ይህ አንገት የግድ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ሰሜን ስለሆነች ፕላኔቶቹ የሚያልፉት አናታችን ላይ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው ጁፒተርን በመስኮት ያያል፤ እኛ በማጅራታችን እንከፍላለን። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታው፤ ጉለሌ ላለ ሰው እንጦጦ ጋርዶታል። እላይ እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ አውቃለሁ። የኔዋን ከነሱ ጋር የሚያወዳድር ካለ እንቀያየማለን።

የእናቴን ትንሿን ካቻቢቴ ይዤ ሥራ ጀመርኩ። የካሜራው ክዳን ተነሣ፣ ፕሪዝሟ ወጣች። መስታወቱ ላይ አቧራ ስላየሁ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግ አደረግኩት። አታድርጉት። የቤት መስታወት ብሩ ከጀርባው ነው፣ ፊቱ ቢጠረግ ምንም አይሆንም፤ የካሜራ መስታወት ግን ምስሉ ሁለት እንዳይሆን ብሩ የተቀባው ከፊት ነው፣ ሲነኩት ይጫጫራል። ያን ቀን የተጫረው እስከ ዛሬ አለ።

ለዓይን ሌንሱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ የእናቴን ቤት የሚመስል ቦታ ነው፤ ሌላው የጣለው ሁሉ እዚያ ሌላ ነገር ይሆናል። አንዱ ልጅ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ፊቱ የተሰበረ ባይኖኩላር አገኘሁ።

«ስንት ነው?»

«የትኛው? ይኼ? ይኼ የሩሲያ ጄኔራል ያየበት ነው።»

«እኔ የምፈልገው አንዱን ዓይን ብቻ ነው።»

ልጁ ዕቃውን ወደ ደረቱ ስብ አደረገው። «ወንድሜ፣ ዓይን በነጠላ አንሸጥም።»

«አንዱ እኮ ተሰብሯል።»

«ለሱማ ቅናሽ አድርጌልሃለሁ።»

ሁለቱንም ዓይን ገዛሁ። ሲወጣ የደህናው ዓይን ማጉያ 15 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ፀሐይ ፊት ይዤ ግድግዳው ላይ የምትሠራትን ነጥብ ርቀት በማስመሪያ ለካሁ። የተሰበረውን ዓይን እናቴ ወስዳ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ይጠቅማል።

አሁን የቀረው ማጉያዋን ካሜራው ጉድጓድ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ቱቦ ነው። ይህ ደግሞ የውጭዎቹ አማተሮች ድሮ የደረሱበት ነገር ነው፦ የ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሸጥባት ጥቁር ፕላስቲክ ቆርቆሮ ለቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስ ቱቦ ልክ ትሆናለች። የኛ ቤት የፊልም ቆርቆሮ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አጎቴ የጨረሳቸው ፊልሞች ቆርቆሮ ሁሉ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። አንዱ መርፌ፣ አንዱ ኮረሪማ፣ አንዱ ሌላ ይዟል። ባዶ የሆነችውን አንሥቼ፣ በውኃ አለቅልቄ፣ ታችዋን በመጋዝ ቆርጬ ማጉያዋን ከተትኩባት፤ ዙሪያዋን በናስትሮ ጠቅልዬ ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት። ለመሞከር ከማዶ ያለውን የዳቦ ቤት ማስታወቂያ አነጣጠርኩ። ዓይኔን ቱቦው አፍ ላይ አስጠግቼ፣ ለጥፌ፣ ትክክል እስኪሆን አንድ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ፊደሉ ሁሉ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ወለል ብሎ ታየኝ፤ መስታወት ውስጥ ስላለፈ ነው። ወዲያው ሌላም ነገር ተሰማኝ።

እናቴ የእንባዬን ብዛት አይታ ወጣች። «ምነው ልጄ?»

«ዓይኔ!»

ቆርቆሮዋን ተቀብላ አሸተተች። «ይኼ እኮ የሚጥሚጣዬ ነው» አለች። «ምን አድርገህ ቆረጥከው?»

ያን ምሽት ከዋክብትን ያየሁት በአንድ ዓይኔ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ማቆሚያው ነው። ጁፒተር በዚያ ጥምቀት ሰሞን ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ወደ አናት ይወጣ ነበር፤ የካሜራ እግር ደግሞ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ እንዲያይ አልተሠራም፣ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱ ይወድቃል። ሰደፉን መፍታት ይቻል ነበር፤ ግን ሰደፉ ለጨለማ ሥራ ተመቸኝ፣ ክንዴ ሥር ገብቶ አይንቀጠቀጥም። ግቢያችን ውስጥ የውኃ ሮቶ የተቀመጠበት የብረት ማማ አለ። ማማው ላይ ወጥቼ፣ የእናቴን የሽምብራ ከረጢት ብረቱ ላይ አነጥፌ፣ ሌንሱን ከረጢቱ ላይ አጋደምኩ። ሽምብራ እንደተጫነው ይሆናል፣ ከዚያ ፍንክች አይልም። (ሽምብራው በማግሥቱ ተፈጭቶ ሽሮ ሆኗል፤ አይባክንም።)

ጁፒተርን አገኘሁት። ከዋክብት ነጥብ ናቸው፣ እሱ ግን ክብ ነው፤ ትንሽዬ ክሬም ቀለም ያላት ሳንቲም። ከግራዋ አንድ፣ ከቀኟ ሁለት ቁልጭ ያሉ ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ትንፋሼን ይዤ ሳለሁ ከሥር የእጅ ባትሪ በራብኝ።

«አንተ! የያዝከውን አስቀምጥ!»

የጎረቤታችን ዘበኛ ናቸው። አስቡት፤ ሌሊት አምስት ሰዓት፣ ሰው የውኃ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ሰደፍ ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ረጅም አፈሙዝ ወደ ላይ ደግኖ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ! የዚህ ግቢ ልጅ ነኝ!»

«ልጁ መሆንህን አይቻለሁ። የያዝከው ምንድን ነው ነው የምልህ።»

«ቴሌስኮፕ ነው።»

«ሰደፍ ያለው?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው ደግሞ የቀድሞ ሠራዊት ወታደር ናቸው፣ ኦጋዴን ዘምተዋል፤ የሩሲያ መሣሪያ ምን እንደሚመስል ለሳቸው አይነገርም። ዱላቸውን እንደያዙ በር አስከፍተው ገቡ፣ መሰላሉን ወጡ፣ ዕቃውን በባትሪያቸው አገላብጠው አዩ። ጎኑ ላይ ያለውን የሩሲያ ፊደል እያዩ «የነሱ ነው» አሉ፣ ጥርጣሬያቸውን ሳይጥሉ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። አርባ ምናምን ዓመት ያልያዘ ሰው አይመስሉም። ዓይናቸውን ቱቦዋ ላይ አደረጉ (ታጥባለች፣ አትስጉ)። ዝም። ረዘም ያለ ዝምታ።

«ይኼ መሐል ያለው ማነው?»

«ጁፒተር ነው፣ አባባ። ፕላኔት ነው።»

«አጠገቡ የተሰለፉትስ?»

«ጨረቃዎቹ ናቸው። ትልልቆቹ አራት ናቸው፤ ዛሬ ግን ሦስቱ ናቸው የሚታዩት።»

«አጃቢ ናቸዋ» አሉ። «አራተኛውማ ከኋላ ነው ያለው። አንዱ ጀርባ መጠበቅ አለበት።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም። ጋሊሊዮም በጥር 7 ቀን 1610 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ እኛ ዘንድ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ሳለ፣ መጀመሪያ የቆጠረው ሦስት ነው፤ አራቱን ለማየት እስከ 13 ጠብቋል። ዘበኛው የጋሊሊዮን ያህል አልታገሡም፣ በየማግሥቱ እየመጡ የአጃቢውን ፈረቃ ይቆጣጠሩ ጀመር። ከአራቱ ለፕላኔቱ የሚቀርበው ጨረቃ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ስላቸው «እኔ በ12 ሰዓት ነው የምቀየረው» አሉ፣ ለጨረቃው አዝነው።

ወሬው በሰፈር ተዳረሰ። አሜሪካ ውስጥ ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ነበር፤ የሂንዱ ቬዳንታ መነኩሴ ሆኖ ሳለ ከመርከብ መስኮት ብርጭቆና ከካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ ይሠራል፣ ማታ ማታ ከገዳሙ ወጥቶ ለሰፈር ልጅ ያሳያል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1967 ከገዳሙ አባረሩት። እሱም በማግሥቱ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ የሥነ ፈለክ ማኅበር አቋቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ና እይ» ሲል ኖረ። እኔ ማንንም አልጠራሁም፤ ሰልፉ ራሱ መጣ። የበለጠ የሚመጣው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲያማርር እኔ ሳላስበው ፈገግ እላለሁ፤ እናቴ በሻማ ብርሃን ይህን አይታ ታዝባኛለች። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝ ደመና፣ ግራጫ ጭስ መሳይ ነገር፣ ያየሁት መብራት በጠፋ ቀን ነው።

ሰው ሁሉ ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «በጣም ያምራል። ፎቶው የታል?»

«ፎቶ የለውም።»

«እንዴ፣ ካሜራ አይደለም እንዴ?»

«ነበረ። ፕሪዝሙን አውጥቼዋለሁ።»

እዚህ ላይ ሁሉም እንደ እብድ ያየኛል። ደህና ካሜራ ይዞ ፎቶ የማያነሳ ዕቃ አደረገው! አንዷ የጎረቤት ልጅ ስልኳን ቱቦው ላይ ደቅና ነጭ ነጠብጣብ አነሣች፤ እሱን ለጓደኞቿ ላከችው፣ «የመንገድ መብራት ነው?» ብለው መለሱላት። እኔ ግን ይህ ፎቶ አለማንሳቱ ተመችቶኛል፤ አጎቴ በዚህ ዕቃ የሰውን ፊት ሁሉ ይዞ አልበም ውስጥ ዘጋበት፣ አሁን ምንም አይዝም፣ የሚያይ ያያል፣ ከመሰላሉ ይወርዳል።

ጉድለቷንም ልናገር። የካሜራ ሌንስ ለፊልም እንጂ ለዓይን ስላልተሠራ ደማቅ ነገር ዳር ላይ ሐምራዊ ጥለት ያወጣል፤ ጨረቃ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ትታያለች። ከ20 እጥፍ በላይ ላጉላ ብትሉ ይደፈርሳል። ሳተርን በሷ ሲታይ ቀለበት የለውም፤ የገብስ ፍሬ ነው። ፀሐይን ደግሞ በዚህ ማየት ፈጽሞ፣ ፈጽሞ አይቻልም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ እኛ ግቢ ሰው የራጅ ፊልም ይዞ ሲያንጋጥጥ ነበር፤ ያም አደገኛ ነው፣ በዚህ ሌንስ ቢሆን ግን ዓይን በቅጽበት ይቃጠላል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ክዳኑን ገጥሜ ሻንጣው ውስጥ እከተዋለሁ። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ አይታለች፣ ጨረቃን። ረጅም ጊዜ አየች። «ይኼ ሁሉ ጉድጓድ!» አለች። «የኛ መንገድ ይሻላል።» በማግሥቱ ጠዋት ቁራሌው በር ላይ ሲያልፍ ሰማችው መሰለኝ፣ በኩራት ጮክ ብላ «የለም! የለም!» አለችው፤ እሱ ምንም ሳይጠይቃት።

ቁም ሳጥናችሁ ላይ የአጎት ሻንጣ ካለ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱት። የፊልም ቆርቆሮ ከወጥ ቤት የምታነሡ ከሆነ ግን በሳሙና እጠቡ። ሁለት ጊዜ።